ክሊፍና የ«ሚልብሩክ ጭፈራ» ቅጂዎች

የእኔንና የክሊፍ ስታዘርስን ቤት የሚለየው ግድግዳ የአንድ ጡብ ውፍረት ነው። እሱ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ እኔ ቤት ይሰማል። እኔ ሬዲዮ ስከፍት እሱ በዚያ ማዶ ሆኖ የአየር ሁኔታውን አዳምጦ ካፖርቱን ይደርባል ወይም ይተወዋል። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የኖርነው እንዲህ ነው፤ ሳንተያይ እንሰማማለን።

ስለ እሱ ልጽፍ የተነሣሁት ሌላ የሚጽፍለት ስለሌለ ነው። እኛ ሰፈር፣ የዓሣ አጥማጆቹ ሄስል ሮድ ላይ፣ ስለ ታላላቆቹ ካፒቴኖች ተጽፏል፤ ባሕር ለበላቸውም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ክሊፍ ካፒቴን አልሆነም፣ ባሕርም አልበላውም። ዓሣ ሲያጠምድ ኖረ፣ የማጥመዱ ሥራ ሲሞት መጋዘን ገባ፣ እርጅና ሲመጣ ቤቱ ተቀመጠ። ሰው የሚያውቀው አንድን ፊልም ደጋግሞ በመግዛቱ ብቻ ነው። ድንች ጥብስ ቤት ተሰልፈን ስንቆም ይቀልዱበት ነበር።

«ክሊፍ፣ ዘንድሮስ ልጅቷ አገባች?»

«ገና ናት» ይላል ሳይሥቅ። «ምናልባት በሚቀጥለው ቅጂ።»

ፊልሙ «የሚልብሩክ ጭፈራ» ይባላል። የእኔ ዕድሜ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ቢጫ ቀሚስ የለበሰች የባለ ወፍጮው ልጅ፣ የገለባ ባርኔጣ የሚያደርግ ድሃ ጎረምሳ ትወዳለች። ይዘፍናሉ፣ ይጣላሉ፣ ደግሞ ይዘፍናሉ። መሀል ላይ የመከር ጭፈራ አለ። የጎተራው ደወል ይመታና መንደሩ በሙሉ ይጨፍራል፤ ቃል የለውም፣ ያው አንድ ዜማ ነው እየዞረ የሚመጣው። ጭፈራው ሲያበቃ ባለ ባርኔጣው ልጅ የለም። ሳይሰናበታት ከተማ ሄዷል። የቀረው ልቅሶና መመለስ ነው።

የክሊፍ ሚስት ሙሪየል ትባል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃሏን የምትቆጥብ ሴት። አባቷ አጥባቂ የጸሎት ቤት ሰው ስለነበር በልጅነቷ ሲኒማ ቤት ረግጣ አታውቅም፤ ካገባች በኋላም እግሯ አልደፈረም። ዘፈን ግን ነፍሷ ነው። ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ዜማ ስትስት ሰምቻት አላውቅም፤ በዚያ ግድግዳ በኩል ደግሞ የማልሰማው አልነበረም።

የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሕግ ነበራት። ማንም አላስተማረንም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባልሽ በሚወጣበት ቀን ልብስ አታጥቢም፤ ካጠብሽ ውኃው እሱንም ይዞት ይሄዳል። ወደብ ድረስ አትሸኚውም። እጅሽን አታውለበልቢም። ደህና ሁን አትይውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «አትሂድ» አይባልም። እንዲህ ያለች ሴት የባሏን እግር አሥራ ወደ ባሕር እንደ ወረወረችው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ወንዶቻችን ለሦስት ሳምንት ወደዚያ በረዶ ባሕር ሲወጡ እኛ ጀርባችንን ሰጥተን ምድጃ እንጠርጋለን።

ሙሪየል ይህን ሕግ ከሁላችንም አብልጣ ትጠብቅ ነበር። ክሊፍ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ከእሷ በኩል ትንፋሽ እንኳ አይሰማም። እኔ ቢያንስ ድስት አንኳኳ ነበር።

በሰባ አራት ዓ.ም. የገና በዓል ክሊፍ ቤቱ ነበር። በዓሉ እንዳለፈ ሊወጣ ነው። ለሙሪየል ስጦታ ብሎ የካሴት ቴፕ ገዛላት፣ ማይክ ያለው። ያን ጊዜ ቴሌቪዥን የሚቀዳ መሣሪያ ማናችንም ቤት አልነበረም። ዘፈን ማስቀረት የፈለገ ሰው ማይኩን ትራስ ላይ አድርጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀምጥና ቤተሰቡን «ዝም በሉ!» ይላል። ማን ዝም ይላል? የእኛ ዘመን ካሴት ሁሉ ውስጡ ሳህንና ሳል አለበት።

ሙሪየል ከምሳ በኋላ «የሚልብሩክ ጭፈራ» እንደሚታይ ሰምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየውም ልትቀዳውም ተዘጋጅታለች። መጥታ የጓሮ በራችንን አንኳኳች።

«ኢኒድ፣ ለዋልተር ንገሪው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መዶሻ እንዳያነሣ። እየቀዳሁ ነው።»

«ሳሉንስ ምን ላድርገው?» አልኳት። ባሌ ዋልተር ባሕሩን ከተወ በኋላ ዓሣ በሚታጠንበት ቤት ተቀጥሮ ጭሱ ደረቱን ጨርሶት ነበር፤ ቀንም ሌሊትም ይስላል።

«ትራስ አሳቅፊው» አለችና ሣቀች። ሙሪየል ስትሥቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጥር ሳይጋመስ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እንደ ቆመች ራሷን ይዛ ወደቀች። ሐኪም አልደረሰላትም። ክሊፍ ከኖርዌይ በላይ ባሕር ላይ ነበር። መልእክቱ በሬዲዮ ደረሰው፤ የመርከቡ ሆድ ግን ገና በዓሣ አልሞላም፣ መርከቡም አልዞረም። ሲመለስ መቃብሯ ላይ ያለው አበባ ጠቁሮ ነበር። በእሱ ቦታ ቆሜ አፈር የበተንኩት እኔ ነኝ።

ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ደጃፌ ላይ ቆሞ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው።

«ስለ እኔ ምንም አላለችም?»

«ምንም አላለችም፣ ክሊፍ» አልኩት። እውነቴን ነው። ሙሪየል ምን ብላ ታውቃለች?

የገናውን ካሴት ክሊፍ ለዓመታት አልነካውም። ከዚያ የማጥመዱ ሥራ ሞተ፤ መርከቦቹ ለብረት ተሸጡ፣ ወንዶቹ ጥግ ጥግ ላይ ቆመው ሲያጨሱ የሚውሉበት ጊዜ መጣ። ዋልተርንም የቀበርኩት ያኔ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል የሙዚቃ ድምፅ መጣ። ቆመ። ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ቆመ። ሦስቴ አራቴ እንዲህ ካደረገ በኋላ ክሊፍ ግድግዳውን በጡጫ ደበደበ። ሰው የሞተበት መስሎኝ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

«ተቀመጪና ስሚ» አለኝ።

ሙዚቃው ከበርሜል ውስጥ እንደሚመጣ ነው። ሳህን ይንቃጨላል። አንድ ሰው ያንኮራፋል።

«ይሄ ማነው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ። ምሳ በልቼ ወንበሩ ላይ ተኝቼ።»

የጎተራው ደወል መታ፣ ጭፈራው ተጀመረ፤ ሙሪየል ከዜማው ጋር ታንጎራጉራለች። ደግሞ ከሩቅ፣ ከጡብ ወዲያ፣ ሳል ተሰማ። ያ ሳል የማን እንደሆነ ክሊፍ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እጄን ብቻ ጭኔ ላይ አጣምሬ ያዝኩ። ጭፈራው ቀጠለ። ያው ዜማ ሲዞር፣ ሲዞር ቆየና ማንጎራጎሯ ተቋረጠ። በቀስታ፣ ማይኩ አጠገብ፣ «አትሂድ» አለች።

ሌላ ምንም የለም። ማንጎራጎሯን ቀጠለች።

ክሊፍ ቴፑን አጠፋው። «ማንን ነው?» አለኝ።

«ፊልሙን ነዋ! ያ ባለ ባርኔጣው ልጅ ጥሏት ይሄድ የለ?»

«መቼ ነው የሚሄደው? በየትኛው ዙር ላይ?»

እኔ ምን አውቃለሁ። ሙዚቃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰምተሽ የትኛው ጋ እንደ ደረሰ አታውቂም።

«ፊልሙን ብላ ከሆነ ደግ» አለ ክሊፍ። «እኔን ብላ ከሆነ ግን…» አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ሕጉን አፍርሳ ከለመነችው፣ እሱ ተኝቶ አልሰማትም፤ ተነሥቶም ሄደ።

እንግዲህ ክሊፍ የዚያን ፊልም ቅጂ ሁሉ ማሳደድ የጀመረው ለዚህ ነው። ሰው የፊልም እብድ ይለዋል። እሱ ያን ቃል የሚያስቀምጥበት ቦታ ነበር የሚፈልገው። ቃሉ ሲነገር ቴሌቪዥኑ ላይ ምን እየታየ ነበር? ልጁ ሲሄድ ከሆነ፣ ክሊፍ ነጻ ሰው ነው።

መጀመሪያ የመጣው ሱቅ የሚሸጠው የቪዲዮ ካሴት ነው። ክሊፍ ዴክ ገዛ፣ እኔ ተጠራሁ። ዘዴያችን ይህ ነበር፤ እሱ የሙሪየልን ካሴት የጎተራው ደወል ጋ አድርሶ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ ቪዲዮውን እለቃለሁ፣ ፊልሙ ላይ ደወሉ ሲመታ «አሁን!» እላለሁ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ስንት ጊዜ እንደ ሳትን! አንዴ እኔ እዘገያለሁ፣ አንዴ እሱ ይቸኩላል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ‹አሁን› ለማለት ትንፋሽ መሳብ አለብሽ?»

«አንተስ ጣትህ በረዶ ላይ ነው የቀረው?»

በመጨረሻ ተሳካልን። ዜማው ዞረ፣ ጭፈራው ገና ሲሞቅ ፊልሙ ላይ ድንገት አለቀ። ካሴቱ ላይ ጭፈራው እንደቀጠለ ነው። ቃሉ ሲመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው በረት አጥር ሥር የምትሄድ ዝይ ነበረች።

ተያየን።

«ሙሪየል ዝይ ነው የለመነችው?» አለ ክሊፍ። ሁለታችንም እስክናለቅስ ሣቅን። ከዚያ ሣቁ አለቀ። ለሱቅ ሲያዘጋጁት ጭፈራውን ቆርጠውታል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ በአንድ ካሴት እንዲበቃላቸው ይሆናል።

ከዚያ ካናዳ የሚኖር ወንድሙ የዚያን አገር ቅጂ ላከለት። በእኛ ዴክ ውስጥ ሲገባ ግራጫ ጭረት ብቻ ነው የሚያሳየው። አንላቢ ሮድ ላይ ትሬቨር የሚባል ሱቅ ያለው ሰው፣ የዚያንም የእኛንም አገር የሚያጫውት ዴክ ነበረው። ከሱቁ ጀርባ ሣጥን ላይ ተቀምጠን አየን። ጭፈራው ሙሉ ነው፤ ግን አንድ ነገር ያስጠላል። የሙሪየል ማንጎራጎር ከዜማው ከፍ ብሎ ይጮኻል፣ ጥርስ እንደሚፍቅ ነገር። ቃሉ ሲመጣ ደግሞ ገና በርሜል የሚያንከባልሉ ሰዎች ናቸው።

ክሊፍ ፊቱ ቀላ። «ሙሪየል ዜማ ስታ አታውቅም!»

«እሷ አልሳተችም፣ አባት» አለው ትሬቨር። «የእኛ አገር ቴሌቪዥን ፊልሙን ትንሽ ያስሮጠዋል። ሲሮጥ ድምፁም ቀጠን ይላል። የእነሱ እንደ ሲኒማ ቤቱ ዝግ ያለ ነው።»

«የቱ ነው እውነተኛው?»

«የእነሱ ነዋ።»

ክሊፍ ካሴቱን ኪሱ ከተተ። «እሷ ከእኛው ጋር ነው የዘፈነችው» አለና ወጣ።

የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰፊው ቅጂ መጣ። ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ያለበት፣ መሀሉ ግን እንደ ሲኒማ የሰፋ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሎኝ ጎኑን መታሁት። ደወሉ መታ፣ «አሁን!» አልኩ፣ ጭፈራው ሙሉ ነው፣ ዜማውም ከሙሪየል ጋር ይገጥማል። ዞረ፣ ዞረ። «አትሂድ» ስትል፣ ክሊፍ ጣቱን መስታወቱ ላይ ደገነ። ግራ ጥግ ላይ፣ ሁሉም ሲጨፍሩ፣ ባለ ባርኔጣው ልጅ በጎተራው ትንሽ በር ሹልክ ሲል ይታያል።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«እሱን ነው!» አለ። ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋው። ሻይ ሊያፈላ ሄዶ ውኃ ሳይሞላ ማንቆርቆሪያውን ጣደው። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ዓመታቱ መልካም ነበሩለት። አጥሩን ቀባ፣ ዶሚኖ መጫወት ጀመረ። እኔንም አልጠራኝም። አይፈልገኝማ፤ ነገሩ አልቋል። ከሰዓት በኋላ ሹራቤን ይዤ ግድግዳው አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ ከዚያ ማዶ የሚመጣ ነገር ግን አልነበረም። ክሊፍ እፎይ ሲል እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ እንዲህ ማለት ደግ ባይሆንም እንዲያ ነበር።

ዲስኩ የመጣው ቴሌቪዥኑ ከሞተበት በኋላ ነው። አዲስ ሲገዛ ማጫወቻውም አብሮ መጣ፤ «የሚልብሩክ ጭፈራ»ም በዲስክ ወጥቶ ነበር፣ ታጥቦና ጸድቶ። ክሊፍ ለደስታው ብቻ ገዛው፤ አሁን የሚፈልገው ነገር የለም። ያቺ ዲስክ ግን ሁለት ገጽ አላት። በአንዱ ሰፊው አለ፣ በሌላው ደግሞ ለአሮጌ ቴሌቪዥን እንዲመች ጎንና ጎኑ የተከረከመው። ክሊፍ መነጽሩን ሳያደርግ ገልብጦ አስገባት።

ግድግዳው ተደበደበ። ሄድኩ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊልሙን አቁሞታል። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው የልጅቷ ፊት ነው፣ ሙሉውን ሞልቶት።

«ይሄ ሰዓቱ ነው» አለኝ። «ቃሉ የሚመጣበት። ልጁ የት አለ?»

«ጥግ ላይ ነበር…»

«ጥጉ የለም፣ ኢኒድ። ጥጉ ተቆርጧል።» ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም። «የእኛ ቴሌቪዥን ምን ዓይነት ነበር? የዚያን ገና?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቃለን። እንደ ዳቦ ሣጥን አራት ማዕዘን ነበር። የፊልሙ ጥግ የሚገባበት ስፋት አልነበረውም። ሙሪየል ፊልሙን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ልጁ ሲወጣ ካላየችው፣ ማንን ነው አትሂድ ያለችው?

«ምናልባት የዚያን ቀን ሲያሳዩት ወደ ልጁ አዙረውት ይሆናል» አልኩት። «እያንዳንዱ ቅጂ የየራሱን አይደል የሚቆርጠው?»

«ይሆናል» አለ። «ይሆናል።» ዶሚኖውን ግን ተወው።

ከዚያ በኋላ የፈለገው የዚያን ቀኑን ቅጂ ራሱን ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ያንኑ የገናውን አሮጌ የፊልም ጥቅል ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ እንዳሳየው ትሬቨር ነገረው፤ ያኔ ዴክ የነበረው ሰው ቀድቶት ከሆነ፣ ያው ራሱ ነው። ክሊፍ በጋዜጣ አስነገረ። አንድ ብሌንኪን የሚባሉ ሴት ከዊዘርንሲ ደወሉ፤ ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ባለቤቴ የማይቀዳው ነገር አልነበረም» አሉኝ። «የአየር ሁኔታ እንኳ ቀድቶ አስቀምጧል። የሃያ ዓመት ዝናብ ታቅፌ ነው የተቀመጥኩት። ኑና ውሰዱልኝ።»

ክሊፍ በአውቶቡስ ሄዶ አመጣው።

ያን ከሰዓት በኋላ ይዘንብ ነበር። መጋረጃውን ዘጋን። ክሊፍ ፀጉሩን በውኃ አበጥሯል፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው። ሥዕሉ የደከመ ነው፣ ቢጫው ቀሚስ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ደወሉ መታ። «አሁን» አልኩ፣ በመጀመሪያው ገጠመልን። ጭፈራው ዞረ። የሆነ ቦታ ላይ ፊልሙ ተቆርጦ የተቀጠለበት «ጠሽ» የሚል ድምፅ አለ፤ ያን ጊዜ ከሙሪየልም ካሴት «ጠሽ» አለ፣ እኩል፣ አንድ ላይ። እኛ ያንን ድምፅ ሁልጊዜ አቧራ ይመስለን ነበር። ክሊፍ ክንዴን ያዘኝ። ይኸው ነው፤ የዚያን ገና ሙሪየል ያየችው ይኸው ራሱ ነው።

ሙሪየል አንጎራጎረች። ዜማው ልክክ ብሎ ገጠመ፤ እዚያው እኛ መሀል የተቀመጠች ነው የሚመስለው። ሳሉም መጣ። ከዚያ ዝም አለች።

«አትሂድ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ልጅቷ ከሽማግሌ አባቷ ጋር ትጨፍራለች። አባቷ ሆዱን ይዞ ይሥቃል። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። በር የለም፣ ባርኔጣ የለም። የሚሄድ ሰው የለም።

ፊልሙ እስኪያልቅ አላጠፋነውም፤ ማናችንም አልተነሣንም። በስተመጨረሻ ክሊፍ «እንግዲያው እኔን ነው» አለ።

የማጽናኛ ቃል ፈለግኩ። «ክሊፍ፣ ሰው ቴሌቪዥን እያየ የማይለው የለም። ሐሳቧ ሌላ ቦታ…»

«ተይ፣ ኢኒድ።» ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። «በሩን ዘግቼ ስወጣ ሁልጊዜ ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ? ከበሩ ወዲያ ቆሜ እሰማ ነበር። ምንም የለም። ወጣልኝ የምትል ነበር የሚመስለኝ። ስሄድም ስመጣም ለእሷ ያው የሆንኩ።»

ዝናቡን ሰማን።

«ለምናኛለች» አለ። እንደ አዲስ ምግብ አፉ ውስጥ ያገላብጠው ነበር ቃሉን። «ሙሪየል። እኔን።»

«አልሰማሃትም እኮ፣ ተኝተህ ነበር» አልኩት። በራሱ እንዳይፈርድ ብዬ ነው።

«ነቅቼ ቢሆንማ አትለውም ነበር» አለ ክሊፍ።

ፊቱን ለማየት አልደፈርኩም። ዘወር ብዬ ስኒዎቹን ሰበሰብኩ። ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዞ ነበር፤ የእሱን ስወስድበት ከእጄ ተቀብሎ ቀዝቃዛውን ጨለጠው።

በማግስቱ ቅጂዎቹን ሁሉ በካርቶን አድርጎ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጠ። ዝይዋን፣ የካናዳውን፣ ሰፊውን፣ ዲስኩን። የብሌንኪንን እንኳ አላስቀረም። «ሥዕሉ አያስፈልገኝም» አለኝ። ሰዎቹ ድንች ጥብስ ቤት «ክሊፍ፣ ልጅቷስ?» ሲሉት «አግብታለች» ይላቸዋል አሁን፤ ቀልዱ ሞተባቸውና ተዉት።

ካሴቱን ግን ያዘ። እኔንም ከዚያ ወዲህ አልጠራኝም፤ ደወሉን የሚጠብቅለት ሰው አያሻውም። አመሻሹ ላይ፣ መብራት ከማብራቴ በፊት፣ በግድግዳው በኩል ሙዚቃው ይመጣል። ቃሉ ጋ ሲደርስ ቁልፉ ቀጭ ይልና ይቆማል። ክሊፍ ከዚያ አልፎ አያስኬደውም።

ነገር ግን ከቃሉ በፊት ሳሉ አለ። ከእኔ ቤት ወጥቶ፣ በጡቡ አልፎ፣ ወደዚያ ማዶ የተቀዳው ያ የዋልተር ሳል፣ አሁን ከዚያ ማዶ በጡቡ አልፎ ወደ እኔ ይመለሳል። ወንበሬን አስጠግቼዋለሁ። ሬዲዮውን በጊዜ አጠፋለሁ፣ ሹራቤን አስቀምጣለሁ፣ ጆሮዬን ወረቀት በተለጠፈው ግድግዳ ላይ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ ነው የሚስለው። ከዚያ ዜማው ይዞራል፣ ቁልፉ ቀጭ ይላል፣ ሁለታችንም በየቤታችን መብራት እናበራለን።